ጓድ ጅብና የጋሽ ደምሴ መንጋጋ

ልጅ ሳለሁ በቤታችን የማይነሡ ቃላት ነበሩ። እናቴ ዘነበች አሰብ ወደብ አጠገብ ለመኪና ሾፌሮች ምሳና ራት የምታበስል ሴት ነበረችና፣ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው የሚያናድደውን ቃል ይዞ ይመጣባታል። አንዱ «አባባ» ሲሉት እንዳረጀ የቆጠሩት መስሎት ትሪውን ይገፋል፤ ሌላው «ችግር የለም» የሚል ሰው ከሰማ ችግር እንደመጣ ያውቃል። እሷ ራሷ «እናትዬ፣ ቶሎ በይ» ያላትን ሾፌር ወጡን ከፊቱ አንሥታ ድስት ውስጥ ስትመልስበት አይቻለሁ። ይሄን ሁሉ እየሳቅን እናልፈው ነበር። አንዲት ቃል ግን ደም አፍስሳለች፤ በዚያ ደም ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁበት።

ጋሽ ደምሴ ጎረቤታችን ነበሩ። ከወሎ መጥተው ሃያ ዓመት አሰብ ላይ ብረት የበየዱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ያኔ፣ ፀሐይ በበረሃው በኩል ስትጠልቅ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ የሽቦ አልጋዎቹን ወደ ግቢ እናወጣለን፤ እናቴ ፍም ላይ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ፋኖሱ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እኛ ልጆች አሸዋው ላይ ስንኮለኮል፣ ጋሽ ደምሴ በሽርጣቸው አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጡና ተረታቸውን ይጀምራሉ።

መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። «ጓድ» የሚለው ቃል ከሰው ሁሉ አፍ በመጥረጊያ እንደተጠረገ ጠፍቷል፤ ትናንት «ጓድ እገሌ» ሲባል የኖረው ዛሬ «አቶ» ካልተባለ ይቆጣል። ከጋሽ ደምሴ አፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ዳቦ ሻጩ ጓድ ነው፤ ዓሣ የሚያመጣልን አፋሩ ጓድ ነው፤ ድመታችን ሳትቀር ጓድ ነበረች። በተረታቸውም ጓድ ጅብ ጓድ ፍየልን ስብሰባ ይጠራታል፤ ጓድ ቀበሮ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ትልልቆቹ ለምን በግማሽ አፋቸው ብቻ እንደሚስቁ አይገባኝም ነበር።

ዘሪሁን የሚባል የአዲስ አበባ መስመር ሾፌር በሳምንት አንዴ፣ ሌሊት ተረቱ ካለቀ በኋላ እየገባ፣ እኛ ጋ ያድር ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ለእኔ ብርቱካን ሳይዝ አይመጣም። አንድ ቀን ምሳ እየበላ ጋሽ ደምሴ ከአጥሩ ማዶ «ጓድ ዘነበች፣ እሳት አለሽ?» ብለው ሲጣሩ ሰማ። የያዘውን ብርጭቆ እጁ ውስጥ ጨምቆ ሰባበረው። ደሙ እንጀራው ላይ ሲንጠባጠብ እሱ ያየውም አይመስልም። ቆይቶ እናቴን በትሕትና ለመናት፤ በሰውየው ላይ ምንም ቂም እንደሌለው፣ ቃሏን ሲሰማ ግን ራሱን እንደማያውቅ፣ እሱ ባለበት እንዳይሏት እንድትነግርለት።

እናቴ እጁን እያሰረችለት ወደ እኔ ዞረች። «ሂጂና ለጋሽ ደምሴ ንገሪ። ዘሪሁን ባለበት ያቺን ቃል ይተዉ፤ ሰውየው ክፉ ነገር ደርሶበታል በያቸው» አለችኝ።

ሄድኩ። በራቸው ድረስ ደርሼ ቆምኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የታየኝ የማታው ተረት ብቻ ነው። ጓድ ያልሆነ ጅብ ምን ጅብ ነው? ጨው የሌለው ወጥ ማለት ነው። ዘሪሁንም ጭነት ላይ ስለሚያመሽ ተረቱን አይሰማም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ተመለስኩና እናቴ «ነገርሻቸው?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። አንደበቴ አልተደናቀፈም።

ማታ ጋሽ ደምሴ እንደልማዳቸው ጀመሩ። ጓድ ጅብ አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ ፊቱን ያኮሳትርና፣ ጓድ ፍየል ለጋራ ጥቅም ትበላ የምትሉ እጃችሁን አውጡ ይላል። ነብር ያወጣል፤ ቀበሮ ያወጣል፤ ጦጣ ሁለቱንም እጇን ታወጣለች። ፍየል ግራ ቀኟን ታይና፣ ብቻዋን ላለመቅረት እሷም ታወጣለች። ጋሽ ደምሴ እንደ ፍየሏ እየተንቀጠቀጡ እጃቸውን ቀስ አድርገው ሲያነሡ እኛ አሸዋው ላይ ተንከባለልን።

ዘሪሁን ውጭ ጎማ እየቀየረ ኖሯል። መቼ እንደገባ አላየሁም፤ ያየሁት የጎማ መፍቻውን ብረት ነው። የመጀመሪያው ምት መንጋጋቸው ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ሁለተኛው ትከሻቸው ላይ። ፍሙ ላይ ወደቁ፤ ሽርጣቸው ተያያዘ፤ የጨርቅና የሥጋ ቃጠሎ ከዓሣው ጭስ ጋር ተደባለቀ። ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ብረቱን ሲያነሣ እናቴ ተጠመጠመችበት፤ በጥርሷ ክንዱን ነክሳ ነው ያስጣለችው። አንድ ጎረምሳ የምታህል ሴት እንኳ አልነበረችም፤ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ጋሽ ደምሴ በእሳት የተለበለበ ጎናቸውን ይዘው ሲያቃስቱ፣ ሁለት ጥርሳቸው አሸዋው ላይ ከነሥሩ ወድቆ አየሁ። እኔም ጩኸቴን ለቀቅኩት።

ዘሪሁን ብረቱ ከእጁ ሲወድቅ እሱም አብሮ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜን ሲወስዱት 'ጓድ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው' አሉት» አለ። «ጠዋት ደጃችን ላይ ተጥሎ አገኘነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።»

ከዚያ ተነሣና ጋሽ ደምሴን ራሱ ተሸክሞ በዚያ በከባዱ መኪናው ሐኪም ቤት አደረሳቸው፤ ከዚያ ወጥቶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ሰፈሩ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለ። ምን ዋጋ አለው፤ ጋሽ ደምሴም ከተወጉት ነበሩ እንጂ ከወጉት አልነበሩም።

ይሄን ያወቅነው ከስንት ሳምንት በኋላ፣ መንጋጋቸው ተጣሞ ድኖ ቤታችን ሲመጡ ነው። ድሮ በሥራ ቦታቸው ስብሰባ ላይ አንዱን አለቃ በስሕተት «አቶ» ብለው ጠርተው ኖሯል። ሁለት ወር ታሰሩ፤ ውስጥ እግራቸው እስኪተለተል ተገረፉ። ከዚያ ወዲያ ሰውን ያለ ጓድ መጥራት አልሆነላቸውም።

«በዱላ አስገቡብኝ፤ በዱላ ወጣልኝ» አሉ ቃሉ እየተኮላተፈባቸው። «እኔማ ጅቡ ላይ ለጥፌ ልስቅባት ነበር።»

ዘሪሁንን አልከሰሱም። ፖሊሶቹን «ወድቄ ነው» ብለው አስፈቱት። የወንድሙን ነገር ሲሰሙ አለቀሱ እንጂ አልተቆጡም። ከዚያ ግን ወደ እናቴ ዞሩና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ዘነበች፣ ዘሪሁን እንዲህ ያለ ቁስል እንዳለበት ታውቂ ነበር?»

እናቴ አየችኝ። እኔ ምድጃው አጠገብ ማራገቢያውን ይዤ ቀርቻለሁ፤ እሳቱን ማራገብ ትቻለሁ። ሁሉንም ከፊቴ ላይ አነበበችው።

«አውቅ ነበር» አለች። «ልነግርዎ ብዬ ረሳሁት።»

«እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?» አሉ። የቀረበላቸውን ውኃ ሳይጠጡ ተነሡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም፤ በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ያኔ እናቴ እንድትመታኝ ስንት ጊዜ እንደጠበቅኩ! አልመታችኝም፤ ነገሩንም አላነሣችው።

ኋላ ጦርነቱ መጣና ሁላችንም አሰብን ጥለን ወጣን። ዛሬ ልጄ ጓደኞቹን «ጓዴ፣ ጓዴ» እያለ ሲጠራ እሰማለሁ። ለእሱ ቃሏ የትም ያልነበረች፣ ማንንም ያልገደለች ናት፤ እኔን ግን ጥርሴን ያሳክከኛል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉናል ደጋግመው፤ ከአፍ ሳይወጣ ስለሚቀረው ግን የነገረኝ ሰው የለም።

አንድ ጊዜ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ እናቴን ለምን እንደዋሸችልኝ ጠየቅኳት።

«ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። «ያን ተሸክመሽ እንዴት ታድጊ?»

ተሸክሜው አድጌያለሁ። ጋሽ ደምሴ ናዝሬት መግባታቸውን ሰምቼ ነበር፤ ቤታቸውንም አውቀው ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ስል ሞቱ። መንጋጋቸውን የሰበረውን ይቅር ብለው፣ እናቴን እንደተቀየሙ ሞቱ።