ምች ያልነበረው ላብ

በነርስነት ሥራ የጀመርኩት ጊሼ ውስጥ፣ ከራቤል ከተማ ራቅ ባለች ጤና ጣቢያ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ፣ የጤና መኮንኑ አቶ ተሾመ፣ የድንገተኛ መድኃኒቶችን ሣጥን ከፍተው እያንዳንዱ ለምን እንደሚሰጥ ጠየቁኝ። አትሮፒን ላይ ስንደርስ፣ የልብ ምት ሲቀንስ ነው አልኩ። ሌላስ ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። አልተቆጡኝም፤ አንብቢ አሉኝ።

አነበብኩ። እኛ ሳናዘው ልብን፣ ሳንባን፣ አንጀትንና ዕጢዎችን የሚያሠራ ነርቭ አለ። መልእክቱን ከሚያደርሱት ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። በሕዋሱ ላይ ያለ፣ ተቀባይ የሚባል ክፍል ላይ ያርፋል፣ ያሠራል፣ ወዲያው ኢንዛይም ይሰብረዋል። አንዳንድ የተባይ መድኃኒት ይህን ኢንዛይም ያስረዋል። ያኔ አሴቲልኮሊን ይከማቻል፤ ላብና ምራቅ አይቆምም፣ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል። አትሮፒን ተቀባዩን ይይዝና መልእክቱን ያግደዋል።

በሦስተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ በግ አርቢ በቃሬዛ መጡ። አቶ ተሾመ ለስብሰባ ወረዳ ሄደዋል። የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ አስካለ፣ ምች መቷቸው ነው፣ ዳማከሴ አጠጥተናቸዋል አሉኝ።

ሰውየው በላብ ርሰዋል፣ ለሃጫቸው ይዝረበረባል። በባትሪ ሳይ የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። የልብ ምታቸው በደቂቃ አርባ አራት ነበር። ሸሚዛቸው የተባይ መድኃኒት ሽታ አለው።

"እትዬ፣ ዛሬ የሆነ ነገር ሲረጩ ነበር?"

"ለበጎቹ መዥገር ዲያዚኖን ረጭተዋል። ፓምፑ ጀርባቸው ላይ ያፈስ ነበር። እሱ ግን የበግ መድኃኒት ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል?"

ዲያዚኖን ያን ኢንዛይም ከሚያስሩት አንዱ ነው፤ በቆዳም ይገባል። ጓንት አጥልቄ ልብሳቸውን በመቀስ ቀደድኩ፤ ገላቸውን በሳሙና አጠብኩ። ኦክስጅን ሰክቼ ሁለት አምፑል አትሮፒን በደም ሥር ሰጠሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እጥፉን ጨመርኩ። የልብ ምታቸው ከመቶ አለፈ፣ ብሌናቸው ሰፋ። መድኃኒቱ የበዛባቸው መስሎኝ ፈራሁና አቆምኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለሃጩ ተመለሰ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ለአቶ ተሾመ ደወልኩ።

"የልብ ምቱ አያስፈራሽ" አሉኝ። "ሳንባቸውን አዳምጪ። እስኪደርቅ ድረስ ስጪ።"

ሰጠሁ። ደረታቸው ውስጥ የነበረው የፈሳሽ ድምፅ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጡንቻቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ እሱ አልቆመም። ጡንቻ ላይ ያሉት ተቀባዮች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ አትሮፒን አይሠራባቸውም። የመተንፈሻ ጡንቻቸው ደክሞ ትንፋሻቸው እንዳይቆም ስለሰጋሁ፣ የቀረውን አትሮፒንና በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ፊኛ ይዤ እስከ ሆስፒታል ድረስ በአምቡላንስ አብሬ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ደምሴ በእግራቸው መጡ። ካመሰገኑኝ በኋላ፣ "ልጄ፣ አፌ እንደ ቆዳ ደርቆ ውኃ ስለምንሽ የከለከልሽኝ ለምን ነበር?" አሉኝ። አፋቸውን ያደረቀው አትሮፒኑ መሆኑን፣ ውኃም የከለከልኩት ትን እንዳይላቸው ፈርቼ እንደነበር ነገርኳቸው።

ያን ቀን ያቆምኩት በራሴ ፍርሃት ነው፤ ስልኩ ባይሠራ ኖሮ ይሞቱብኝ ነበር። ለአዲስ ነርሶች ይህንን እነግራቸዋለሁ፦ ላብና ለሃጭ በዝቶ ብሌን ከጠበበ፣ ምን ሲረጭ እንደነበር ጠይቁ፤ የታማሚውን ልብስ አውልቁ፤ ገላውን እጠቡ። አትሮፒን በቃ የሚባለው ሳንባው ሲደርቅ ነው። ከዚያም በኋላ ከአጠገቡ አትሂዱ።