ለወንድሜ በተሳልኩት ጾም የረገፈው ጸጉሬ

በሽታዬን መጀመሪያ ያየችው ጸጉሬን የምትሠራኝ ጎረቤታችን ምብራቕ ናት። አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ እሷ በርጩማ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ራሴን ከጉልበቷ አስጠግቼ ተቀምጠናል። ምብራቕ እጇ ሲሠራ አፏም አያርፍም፤ የሰፈሩን ወሬ ከጸጉሬ ጋር አብራ ትጎነጉነዋለች። በድንገት ዝም አለች። ዞር ብዬ ሳይ በጣቶቿ መካከል የያዘችው ጸጉር ከነሥሩ ወጥቷል። ጥቂት ቢሆን የማበጠሪያ ጥፋት ነው ባልኩ። እፍኝ ሙሉ ነበር።

እንደ ወጉ የረገፈውን ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችውና ቅበሪው አለችኝ። ከዚያ ሥራዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ምብራቕ ጀምራ ስትተው አይቻት አላውቅም። መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ጸጉሯ እየረገፈባት ምክንያቱ ያልገባት ሴት ታነበው ይሆናል ብዬ ነው። አማርኛዬ ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው፤ ትግርኛዬ በመሃል ሾልኮ ቢገባ ቅር አትሰኙ።

ይህ ሲሆን ነጻነት ከመጣ ጊዜው ብዙም አልራቀም ነበር። እኔ ጥራቮሎ ሰፈር በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሃብቶም ገና በተማሪነቱ ወደ በረሃ ወጥቶ ትግሉን ተቀላቅሎ ነበር። አስመራ በተከበበች ጊዜ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩለት። ሃብቶም በገዛ እግሩ ቤታችን እስኪገባ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣም ቢሆን በአፌ አይዞርም አልኩ። በከበባው ጊዜ ይህ ቀላል ስለት ነበር። ሥጋውም ቅቤውም ከገበያ ስለጠፋ እመቤታችንን ያታለልኳት ይመስለኝ ነበር።

ታጋዮቹ ከተማ ሲገቡ እኔና እናቴ መንገድ ዳር ቆመን በየማኪናው ላይ ያለውን ፊት ሁሉ አየን። ሃብቶም የለም። አንዱ ዓሰብ ግንባር ነው አለን፤ ሌላው ቆስሎ ሱዳን እየታከመ ነው አለን። ሰው ተስፋ ሲሰጥ ለጋስ ነው። እኔ ግን ስለቴ ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩበት። ቅቤ ከላም ነው ብዬ ጸጉሬን መቀባት እንኳ ተውኩ። ፋሲካ ሲመጣ ቤቱ በዶሮ ጾሙን ሲፈታ እኔ ሽሮዬን በላሁ። ምሳዬ ሽሮ፣ ቁርሴና እራቴ ዳቦ በሻሂ ሆነ። ሻሂውንም ጥቁር አድርጌ ከምግቡ ጋር እጠጣለሁ፤ ጉልበት የሚሆነኝ ይመስለኝ ነበር። ጾምን እያማሁ አይደለም። አያሌ ሰው የጾም ምግብ እየበላ በጤና ይኖራል። የኔ አጿጿም ግን ማስተዋል የጎደለው ነበር።

ምብራቕ ካየችው ቀን በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ጸጉሬ ትራሴ ላይ ይቀራል፤ ስታጠብ ውሃው ይዞት ይሄዳል። ጥፍሬ መሃሉ ጎደጎደ። ምላሴ ተላጠና ጨው የነካው ምግብ ሁሉ ያቃጥለኝ ጀመር። የእግሬ ጣቶች ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስል ይነዝሩኛል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይደልቃል። አንድ ቀን መደበር ወደሚባለው የአንጥረኞችና የወፍጮ ሰፈር እህል ላስፈጭ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ የአንጥረኞቹ መዶሻ ድምፅ ራቀብኝ። ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ስነቃ የወፍጮው ሰውዬ ዱቄት በነካው እጁ ፊቴ ላይ ውሃ ይረጭ ነበር።

ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። በዚያን ጊዜ ሰው ሲከሳና ጸጉሩ ሲሳሳ የሚጠረጠረው አንድ በሽታ ነው። ስሙን የሚጠራ የለም፤ "እቲ ሕማም"፣ ያ በሽታ፣ ይባላል። በከበባው ጊዜ ታምሜ ሰፈር ውስጥ መርፌ ተወግቼ ነበር፤ መርፌው ይቀቀል አይቀቀል አላውቅም። የሞት ፍርዴን በገዛ እግሬ ሄጄ መስማት አልፈለግሁም።

ከዚያ የባሰ ፍርሃትም ነበረኝ። በኛ ዘንድ ሴት የቅርብ ሰው ሲሞትባት ጸጉሯን ትላጫለች። ሃብቶም ሞቷል፤ መርዶው ገና ሳይደርስ ጸጉሬ ሐዘን ተቀምጧል ብዬ አመንኩ። አስተማሪ ነኝ፣ ሳይንስም አስተምራለሁ፤ ግን አመንኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። ሻሽ አስሬ ዋልኩ፣ ሻሽ አስሬ አደርኩ።

በመጨረሻ ሲረግፍ ማየቱ መረረኝና መቀስ አንሥቼ የቀረውን አሳጥሬ ቆረጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ሻሼን ፈትቼ ግቢያችን ውስጥ ፊቴን ስታጠብ ፊት ለፊት የሚኖሩት እናት፣ አደይ ለተኪዳን፣ በአጥሩ ላይ አዩኝ። ወንድሟ በረሃ ያለ ልጅ ጸጉሯን ቆርጣለች። ለእሳቸው ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ምን ሆንሽ አላሉኝም። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ሰፈሩን ጠሩ።

እናቴ ጓዳ ምስር ትለቅም ነበር። ለቅሶው በበሩ ገባ። "ሃብቶም ወደይ" ይላል፤ ሃብቶም ልጄ። እናቴ ሰማች። ምስሩ ተበተነ። ወደቀች።

ማንም አልመጣም፣ መርዶ የለም ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። ሙሾ የጀመረ ሰው ጆሮ የለውም። ሻሼን ይዤ በመካከላቸው እየዞርኩ፣ ታምሜ ነው፣ ታምሜ ነው አልኩ። ጥቂት በጥቂት ዝም አሉ። አደይ ለተኪዳን በእፍረት መሬት መሬት አዩ። እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ ራሴን በሁለት እጇ ያዘችው። በየቦታው የራስ ቆዳዬ ያበራል።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን ብቻሽን ይዘሽው ነበር?" አለችኝ።

እወ አልኳትና አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም። ጫማዋን አደረገችና እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ያየኝ ሐኪም ከበረሃ የገባ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የዓይኔን ሽፋን ወደ ታች ስቦ አየ። ጥፍሬን አየ። ጸጉሬን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳበው፤ እጁ ላይ ቀረ። ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። በኩራት ነገርኩት። ደሜን ወሰዱ። ቀጠሮው ቀን እስኪደርስ በቁሜ ሞትኩ።

ውጤቱን ይዞ ሲገባ ፊቱን አየሁ። ምንም አይነበብበትም። የፈራሽው በሽታ የለብሽም አለኝ። ከዚያ ቀጠለ። ሄሞግሎቢኔ ክፉኛ ወርዷል፤ አኒሚያ፣ የደም ማነስ፣ ነው። ብረት አንሶኛል፣ ቫይታሚን ቢ12ም አንሶኛል። የጸጉሬ መርገፍ ቴሎጅን ኢፍሉቪየም ይባላል። ሰውነት ሲቸግረው ያለውን ለልብና ለአንጎል ያውልና ጸጉር ማሳደጉን ይተዋል። ሥሩ ስላልሞተ ይመለሳል አለ። የእግሬ መንዘር ግን የነርቭ ነው፤ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። ሻሂ ከምግብ ጋር መጠጣቴም የበላሁትን ብረት እንዳልጠቀምበት አድርጎኛል። ፌረስ ሰልፌት የተባለ የብረት ክኒን፣ ፎሊክ አሲድና የቢ12 መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው አንዳንዴ ስለሚጠፋ እንቁላልና ወተት፣ ካገኘሁም ጉበት እንድበላ ነገረኝ።

ኣይፋል፣ አይሆንም፣ ስለት አለብኝ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና እንደ እህት ጠራኝ።

"ሓፍተይ፣ ብዙ ጓድ ቀብሬያለሁ። እህቱ እንቁላል ስለበላች የሞተ ግን አላየሁም።"

ተቆጣሁ። መርፌ የምትወጋውን ነርስ መድኃኒቱ ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። ድሮ ከጉበት ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለች። ክንዴን ሰብስቤ ወጣሁ። ለእግሬ ፈራሁ፤ ለሃብቶም ደግሞ የበለጠ ፈራሁ። ስለቱን ከፈታሁ፣ የትም ይሁን የት፣ የያዘው እጅ የሚለቀው መሰለኝ።

እናቴ ተስፋ አልቆረጠችም፤ የነፍስ አባታችንን አቦይ ቀሺን ቤት ጠራቻቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። በርቺ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ቅንድባቸውን ሰብስበው በፋሲካም ጾምሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ፤ ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

"በበዓለ ሃምሳ ጹሚ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ። "ቤተ ክርስቲያን ጾም ስትፈታ አልፈታም ያልሽው እልኸኝነት ነው። ስለትሽን ፈትቼዋለሁ። ለንስሐሽ እንቁላል ትበያለሽ።"

እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ዘመን አልፎ ነበር።

እንቁላሉን እሷው ቀቀለችልኝ። ላጠችው። ጨው ነሰነሰችበት። ነከስኩ። ዋጥኩ። ጆሮዬ በር ላይ ነበር። አሁን ይመጣሉ አልኩ። አሁን መርዶ ይመጣል። ሁለተኛ ነከስኩ። ማንም አልመጣም። ሳህኑን ይዤ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲያ መርፌዬን እየተወጋሁ፣ ሆዴን የሚያደርቀውንና ዓይነ ምድሬን ጥቁር የሚያደርገውን የብረት ክኒን በብርቱካን ጭማቂ እየዋጥኩ፣ ሻሂዬን ከምግብ አርቄ እየጠጣሁ፣ ምስሩንም ጎመኑንም ሎሚ እየጨመቅሁበት ቆየሁ። መጀመሪያ የተመለሰው ጉልበቴ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ደረጃ መሃል ላይ ሳላርፍ ወጥቼ ራሴን የታዘብኩበትን ጠዋት አልረሳውም። ቀጥሎ ምላሴ ዳነ፣ እግሬም መንዘሩን ተወ። ጸጉሬ ግን አልቸኮለም፤ እንዲያውም መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሲረግፍ ድሮም አይሠራም ብዬ ልተወው ነበር። ምብራቕ ቅቤዋን ይዛ መጣችና ራሴን አሸችልኝ። ቅቤው ያለውን እንደሚያለሰልስ እንጂ የሌለውን እንደማያበቅል ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም እጇ ደስ ይለኝ ስለነበር አልከለከልኳትም። ከወራት በኋላ በግንባሬ ዳር እንደ ሕፃን ጸጉር የለሰለሰ ነገር በቀለ፤ አጥብቃ እንዳትሠራኝ ለመንኳት፣ የተወጠረ ሹሩባ ደካማ ጸጉር ይነቅላልና።

ጸጉሬ ጆሮዬን ሲሸፍን የሃብቶም ጓድ ከሽማግሌዎች ጋር ቤታችን መጣ። በዚህ ጊዜ መርዶው እውነት ነበር። ሃብቶም የሞተው አስመራ ከመከበቧ በፊት ነው፤ እኔ ስለቱን ከመሳሌ በፊት። የት እንደተቀበረ ጓዱ ነገረን። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ያንን እንቁላል አሰብኩ፤ የገደልኩት እኔ አይደለሁም አልኩ። ጮክ ብዬ ብለው ኖሮ ሴቶቹ ያበድኩ ይመስላቸው ነበር። ለሞተ ወንድሜ ስጾም ኖሬ ነበር።

ምላጭ መጣ። እናቴ ተላጨች፣ አክስቴ ተላጨች። ተራዬ ሲደርስ ራሴን አጎነበስኩ። እናቴ ራሷ እንደተላጨ ተነሥታ እጇን በጸጉሬ ላይ አኖረች።

"የሷ ይቅር፤ የሷን ሰጥታለች" አለች።

እንግዲህ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጸጉራችሁ ሲረግፍ ቅባት ከመለወጣችሁ በፊት ደማችሁን አስመርምሩ። በእምነትም በምርጫም ሥጋና ወተት የማትበሉ ከሆነ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ከገበታችሁ አይጥፋ፤ ቢ12 ግን ከእነዚህ ስለማይገኝ ሐኪም ጠይቁ። እኔ ዛሬም ዓቢይ ጾምን እጾማለሁ፤ ሐኪሜም የነፍስ አባቴም ያውቃሉ። ለሁለቱም፣ ለምብራቕም የቐንየለይ፣ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። እናቴን አመስግኜ አልጨርስም።

አንቺ ሻሽሽን አጥብቀሽ ይህን የምታነቢ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የማትበዪውን ንገሪው። ስለ ማን ብለሽ እንደማትበዪም ንገሪው።