እብጠት የሌለበት አንገት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ፈርቻቸው አይደለም፤ ከእኔ ያነሰ ያነበበ ሰው እንዲፈርድብኝ ስላልወደድኩ ነው። እናንተም ብዙ አላነበባችሁም። ቢሆንም ስሙኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ማንበብን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ የቦንጋ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውንም በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ገብቼበታለሁ፤ የሕክምና መጽሐፍ ሳይቀር አለኝ። በሰፈራችን አንገቱ ያበጠ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ጉሮሮውን በአውራ ጣቴ ዳብሼ እንቅርት ነው፣ አዮዲን ያለበት ጨው ብላ እለዋለሁ። ልክ ነበርኩ፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

ከዚያ ባለቤቴ አልማዝ መድከም ጀመረች። ከማንኪራ ጫካ ማር ተሸክማ እያንጎራጎረች የምትመለስ ሴት ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። በፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ፣ እምብዛም ሳትበላ ወፈረች። እኔ ምን አደረግሁ? አንገቷን ዳበስኩ። እብጠት የለም። እንግዲያ በሽታም የለም፣ ስንፍና ነው አልኩ። በእንግዶች ፊት ድንጉላ ንብ አልኳት፤ ሳይሠራ ማር የሚበላው ማለቴ ነው። እንግዶቹ ሳቁ፤ በእንዲህ ያለው ነገር መሳቅ ያውቃሉ። እሷ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ጎረቤታችን ሶፊያ ነርስ ናት። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ደሟ ይታይ። የታይሮይድ ዕጢ አንገት ሳያሳብጥም ይደክማል" አለችኝ።

"አንቺ ትናንት ከኮሌጅ የወጣሽ ልጅ ነሽ። እኔ ዕድሜ ልኬን አንብቤአለሁ።"

"መጽሐፍዎ ደም አይመረምርማ፣ ጋሼ" ብላኝ ሄደች።

እኔስ? የአልማዝን ወንድም ከሺሺንዳ ጠርቼ እህትህን ውሰድ፣ ሥራ ሲያምራት ትመለስ አልኩት። አባረርኳት። ሚኒባሱ ላይ ለመውጣት እግሯን ማንሳት አቅቷት ወንድሟ ደግፎ ሲያወጣት ቆሜ አየሁ። ያኔም ታስመስላለች ብዬ ናቅኋት። ማን ነበርኩና እንዲህ የምንቅ?

ወንድሟ፣ ያ ፊደል እንኳ በቅጡ የማይለይ ገበሬ፣ ጅማ ወስዶ ደሟን አስመረመረ። ዕጢዋ ሰውነቷ የሚፈልገውን ሆርሞን አያመነጭም ነበር፤ ድካሙም ብርዱም ከዚያ የመጣ ነው። በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ የምትውጠው ትንሽ ክኒን ታዘዘላት። ከወራት በኋላ በእግሯ ቆማ፣ ድምፅዋ ጠርቶ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ይሠራዋል። የእኔ ግን ከዚህ ይብሳል። ጎረቤቶች ሊጠይቋት በተሰበሰቡበት ተነስቼ፣ በሽታዋን ያወቅሁትም ለሕክምና የላክኋትም እኔ ነኝ አልኩ። እኔ አልኩ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ የሰማውን ሁሉ የሚውጥ ሕዝብ። ሶፊያ ብቻ፣ "እርስዎ ነበሩ ለካ" አለችና ወጣች። አልማዝ ጣቶቿን ትመለከት ነበር።

ስለማላውቅ ነው አልልም፤ ስትዋሽ አለማወቅ አይረዳህም። እናንተም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የተባረረችው እናንተ አይደላችሁም። እሷን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ሴቶቹ እየመጡ ዐዋቂ ባል ሰጥቶሽ ተረፍሽ ይሏታል። አዎ ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።