የሶዶው መኪና አቋሚና ንጉሥ ሪቻርድ

ዓምደ ሚካኤል ሲያትል ውስጥ፣ ሶዶ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር በሚገኝ መኪና ማቆሚያ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ስታዲየሙ ቅርብ ስለሆነ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ትርምስ ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 አንድ ሰው ጥሎት ከሄደ ካርቶን ውስጥ የእንግሊዝ ነገሥታትን ታሪክ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛዬን ላሻሽልበት ብሎ ጀመረው።

እንግሊዝኛው ተሻሻለ፤ ለነገሥታቱ የነበረው አክብሮት ግን አለቀ። ድል አድራጊው ዊልያም በቀብሩ ቀን ሆዱ ፈንድቶ ለቀስተኛውን በግማቱ እንዳባረረ፣ ቀዳማዊ ሄንሪ እባብ የመሰለ ዓሣ አብዝቶ በልቶ ሞተ መባሉን ሲያነብ የጎረቤት ሐሜት የሰማ ያህል ይስቃል። ቀዳማዊ ጆርጅን ብቻ ወደደው። ጀርመን ተወልዶ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ ሳይችል፣ አያቱ የእንግሊዝ ልዕልት ስለነበረች ነው ለንደን ገብቶ የነገሠው።

«አየሽ» አላት ባለቤቱን ጽጌን፣ «እኔን ለመኪና ማቆሚያ ኢንተርቪው ሲያደርጉኝ አክሰንትህ ከባድ ነው አሉኝ። እሱን ማን ጠየቀው?»

«ያንተም አያት ልዕልት ብትሆን አይጠይቁህም ነበር» አለችው።

ከደንበኞቹ አንዱ ሚስተር ሃሊዌል የሚባሉ፣ የሌስተር ከተማ ተወላጅ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። በ2011 በጋ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አዩና ወሬ ጀመሩ። ወሬው ጦር ሜዳ ላይ ስለተገደለው ስለ ሦስተኛው ሪቻርድ ሆነ።

«መነኮሳት እኛ ከተማ ገዳማቸው ውስጥ ቀብረውት ነበር። ገዳሙ ሲፈርስ አጥንቱን ወንዝ ውስጥ ጣሉት» አሉ ሃሊዌል። «አያቴ ድልድዩን አሳይታኛለች።»

«ገዳም የሚያፈርስ ሰው ድንጋዩን ነው የሚፈልገው። ለአጥንት ብሎ ማን ይቆፍራል? እዚያው ነው ያለው» አለ ዓምደ ሚካኤል።

ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ተወራረዱ። ዓምደ ሚካኤል ከተሳሳተ ጢሙን ሊላጭ፣ ሃሊዌል ከተሳሳቱ የሱን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው አንድ ጨዋታ ሙሉ መኪና ሊያስቆሙ።

በየካቲት 2013 ልጁ ኖላዊት ስልኳን ይዛ እየሮጠች ሳሎን ገባች። «ዳድ! ዩር ኪንግ! አንደር ኤ ፓርኪንግ ሎት!»

የምትቀልድበት መሰለው። ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። የገዳሙ ቦታ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ኖሯል፤ አስፋልቱን ቆፍረው ያወጡት ጀርባው የጎበጠ አጽም የሪቻርድ መሆኑ በዲኤንኤ ተረጋግጧል። ዓምደ ሚካኤል እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ቲኬት ሳይቆርጥ ፓርክ አድርጎ!»

ቤዝቦል በተጀመረበት በሚያዝያ ሃሊዌል መጡ። አንድም ምክንያት አልደረደሩም፤ እጃቸውን ዘርግተው «ሰደርያውን አምጣው» አሉ። ረጅም ስለሆኑ ሰደርያው እምብርታቸው ጋ ቀረ። በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት መኪና አፋጥጠው መተላለፊያውን ዘጉ። አንዱ ሾፌር ሲሰድባቸው እጅግ በትሕትና ይቅርታ ጠየቁት፤ ሰውየው ይበልጥ ተናደደ።

ምሳ ይዛ የመጣችው ጽጌ ይህን ስታይ ባሏ ላይ ዞረች። «አንተ! የአባትህን እኩያ ዝናብ ላይ ገትረህ አንተ ወንበር ላይ?»

«ውርርድ ነው እኮ!»

«እንዳትነኪው፣ ቃል ቃል ነው» አሉ ነገሩ ከሁኔታዋ የገባቸው ሃሊዌልም። የመጨረሻው መኪና እስኪወጣ ሰደርያውን አላወለቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ራሳቸው ሰደርያ ጠየቁ፤ አለቃው ኢንሹራንስ የለዎትም ብሎ ከለከላቸው። ስለዚህ ታጣፊ ወንበር ይዘው መምጣት ጀመሩ። በክርክሩ ተይዘው ስታዲየም መግባት የረሱበት ቀን ጥቂት አይደለም።

በ2015 ሪቻርድ በካቴድራል በክብር ሲቀበር ሃሊዌል አገራቸው ሄደው ነበር። ሲመለሱ ስለ መዘምራኑ፣ ስለ ሬሳ ሳጥኑ፣ መንገድ ዳር ስለተሰለፈው ሕዝብ ብዙ አወሩ። ዓምደ ሚካኤል በጥሞና አዳመጠ።

«ማቆሚያውስ ምን ሆነ?» አለ ሲጨርሱ።

«የመቃብሩ ቦታ ሙዚየም ውስጥ ገብቷል።»

«ታዲያ እዚያ ያቆሙ የነበሩት ሰዎች አሁን የት ነው የሚያቆሙት?»

ሃሊዌል ይህን አልጠየቁም ነበር።