የሰማይ ብረትና የአክስቴ በሬ

ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በጠፈር ሕግ ነው። ቢቸና ላይ በጥብቅና ለሚተዳደር ሰው ይህ ምን እንደሚጠቅም የጠየቀኝ ሁሉ ስቆብኝ ሄዷል። የእኛ ሰው የሚካሰሰው በድንበር፣ በውርስና በፍቺ ነው። "ጨረቃ የማንም አገር አይደለችም ይላል ሕጉ" ስላቸው፣ "ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ምን አስለፋህ?" ይሉኛል።

ስለዚህ አክስቴ ከሞጣ ገጠር ደውላ "ከሰማይ ብረት ወርዶ በሬዬን ፈጀብኝ" ብላ ስታለቅስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ አገሮች ስለ ጠፈር የፈረሟቸውን ስምምነቶች በቦርሳ ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ብረቱ እንሥራ የሚያህል ጥቁር ድቡልቡል ነው፤ የሮኬት ነዳጅ መያዣ መሆኑን ሳየው፣ የላከውንም አገር ከላዩ ጽሑፍ አወቅሁ። ማንንም አልነካም። በሬው ግን ብረቱ ሲወድቅ ሰምቶ ደነበረና ገደል ገባ። አክስቴ ባሏ የሞተባት ናት፤ ያላት አንድ ጥማድ በሬ ነበር። በአንድ በሬ አይታረስም፣ ዝናቡም ጀምሯል። መሬቷ ጦም ሊያድር ነው።

ቄሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "ከሰማይ ብረት የጠፋበት ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ" ብለው አስነግረው ነበር። ባለቤት ነኝ ያለ አልመጣም። ስደርስ ሽማግሌዎች ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠዋል። ተነሥቼ አስረዳሁ፦ አንድ አገር ወደ ጠፈር የላከው ዕቃ ምድር ላይ ጉዳት ካደረሰ፣ ጥፋት ባይኖርበትም ይክሳል፤ ዕቃውም ለባለቤቱ ይመለሳል።

"ይኸማ የኛው ሕግ ነው" አሉ በዕድሜ ትልቁ።

አንዱ ግን "በሬውን የገደለው ብረቱ ነው ወይስ ገደሉ?" ብለው ጠየቁ። ወረቀቶቼን እስካወጣ ትልቁ ቀደሙኝ። "ገደሉም ዱሮ ነበረ፣ በሬውም ዱሮ ነበረ። አዲስ የመጣው ብረቱ ነው።" እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል።

"ባለቤቱ ይከፍላል ትላለህ?" አሉኝ ትልቁ።

"ያለ ጥርጥር!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ቢክድስ?"

"አይክድም። ስምምነቱን ፈርሟል።"

"መቼ ይከፍላል?"

"በመንግሥት በኩል ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከዚያ ሁለትም ሦስትም ዓመት..."

ተያዩ። በእነሱ ደንብ፣ በሌለ ሰው ፈንታ ቆሞ "ይከፍላል፣ አይክድም" ያለ ሰው ዋሱ ነው። የሕግ ሰው ሆኜ ይህን መርሳቴ ዛሬም ያናድደኛል። በለፈለፉ ይጠፉ ማለት ይኸ ነው።

"እንግዲህ ዋስ ተገኝቷል" አሉ ትልቁ። "ዝናቡ ደብዳቤ አይጠብቅም። በሬ ግዛላት፤ እነሱ ሲከፍሉ ትወስዳለህ።"

"አባቴ፣ እኔ እኮ የዚያ አገር ሰው አይደለሁም!"

"አገሩን አናውቀውም ልጄ። የምናውቀው አንተን ነው።"

በገበያው ቀን ሞጣ ወርጄ ቀይ በሬ ገዛሁ። ወደ ቢቸና ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የደረስኩት።

ከሳምንት በኋላ አክስቴ ደወለች። "ልጄ፣ ቀዩ በሬ ዛሬ ተጠመደልኝ! በሬዬን የተካልኝ ያ አገር እንዴት ያለ ደግ አገር ነው! ስትጽፍላቸው ስሜን ጠርተህ አመስግንልኝ።"

ከፋኝ። በሬውን የገዛሁት እኔ ነኝ ልላት አፌን ስከፍት፣ ከስልኩ ውስጥ ጅራፍ ሲጮህና አራሹ በሬዎቹን ሲያባብል ሰማሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። "እሺ፣ አመሰግንልሻለሁ" አልኳት።

ካሳ የሚጠይቅ ጠበቃ ስላልተከፈለው ካሳ አስቀድሞ አያመሰግንም። እኔ ግን በደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ አመሰገንኩ፣ በሁለተኛው ጠየቅሁ።