«ባጃጁ የኔ ነው» ያልሁ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ አየና አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ ተሳፋሪውን ይቃኝ ጀመር። ሁላችንንም አልፎ ዓይኑ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ፣ ጠቆር ያለ፣ አነጋገሩም ከእኛ ለየት የሚል ሰው ላይ አረፈ። «አንተ፣ መታወቂያህን ይዘህ ውረድ!» ሌሎቻችንን ምንም አልጠየቀንም። ሰውየው ወረደ፣ ተፈተሸ፣ ተመልሶ ገባ። እኛም ጉሮሯችንን ጠረግ ጠረግ አድርገን ስለ ቲማቲም መወደድ ማውራታችንን ቀጠልን።

እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ የማስበው ሌላ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው፣ ለማንም ያላወራሁት ነገር ነው የተቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ኮት ለብሼ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ የምንጎራደድ ወጣት መምህር ነበርሁ። አባቴ መሪጌታ ስለ ነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያከብረኛል፤ ክብሩ የራሴ ይመስለኝ ነበር። እንድሪስ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረን የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው። ወገኖቹ ነገደ ወይጦ ይባላሉ፤ ጣና ዳር ሰፍረው ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ከተማው ዓሣቸውን ይበላል፣ ታንኳቸውን ለእንግዳ ያሳያል፣ እነሱን ግን ከማዕዱ ያርቃል። እንድሪስ ቤታችን ሲመጣ እናቴ ውሃ የምትሰጠው ለእሱ ብቻ በተለየች የቆርቆሮ ኩባያ ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም።

ባጃጅ ለከተማው ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ጊዜ እንድሪስ ባጃጅ ገዛ። ለዓመታት ድንጋይ ፈልጧል፣ በሞተር ጀልባ ላይ ተቀጥሯል፣ ያላደረገው የለም። የባለቤትነት ወረቀቱ፣ ሊብሬው፣ በስሙ የወጣ ዕለት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ጠራኝ።

«አባየን ከተማውን ላዞራቸው ነው፤ አንተ ከሌለህ አይሆንም» አለኝ።

አባቱ ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን በሙሉ ታንኳ ሲቀዝፉ የኖሩ፣ እጃቸው የሻከረ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። የዚያን ዕለት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከእኔ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። ወንበሩን እየዳበሱ «ልጄ፣ እውነት ያንተ ነው?» ይሉታል። «የኔ ነው አባየ፣ የማንም አይደለም» ይላቸዋል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ያንኑ ይጠይቁታል። ወሩ መስከረም ነበር፤ ክረምቱ ያስገባው ቀይ ጎርፍ ከሐይቁ ገና አልጠራም፣ መንገዱ እርጥብ አፈርና የበሰለ ዘይቱን ይሸታል። ዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ ቆመን ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። ጋሽ ሰይድ አንድ ጉርሻ ቀምሰው «ይኸ ትናንት የወጣ ነው፤ አታለሏችሁ» ብለው ሳቁብን። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

የዓባይን ድልድይ እንደ ተሻገርን ፊሽካ ተነፋ። ከፊታችን ሁለት ባጃጆች ሳይቆሙ አልፈዋል። ትራፊኩ መጥቶ ከእንድሪስ አጠገብ ቆመ።

«መንጃ ፈቃድ!»

እንድሪስ ሰጠው። አገላብጦ አየው፤ ጉድለት ያጣለት መሰለ።

«ሰፈርህ የት ነው?»

እንድሪስ ነገረው። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ ጋሽ ሰይድን አተኩሮ አያቸው።

«ወይጦ ናችሁ?»

«ነገደ ወይጦ ነን» አለ እንድሪስ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

«ባጃጁን ከየት አመጣኸው?»

«የራሴ ነው።»

«የራሴ!» ትራፊኩ ሳቀ። «ወይጦ ከመቼ ወዲህ ነው ከታንኳ ወርዶ ባጃጅ የያዘው? ውረድ! ታርጋው ይፈታል፣ ባጃጁም ጣቢያ ይገባል። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይውሰድ።»

እንድሪስ ወረደ። ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ እንደ ያዘው አውቃለሁ። እጁን ከተተ፤ የላስቲኩ ቋጠሮ ግን እምቢ አለው። ትራፊኩ «ምን ትደባብቃለህ? እጅህን አውጣ!» ብሎ ጮኸና ወገቡ ላይ ያለውን ዱላ ያዘ። መንገደኛው መቆም ጀመረ። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋሉ። ጓደኛዬ በአባቱ ፊት ሊመታ ነው፣ ከዚያም በሌብነት ሊታሰር ነው ብዬ ፈራሁ። ዘልዬ ወረድሁ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ባጃጁ የኔ ነው። እሱ ይነዳልኛል» አልሁ።

ትራፊኩ ኮቴን አየ፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ። ፊቱ ወዲያው ፈታ አለ።

«ታዲያ ቀድመው አይናገሩም እንዴ? ሰው ሲቀጥሩ ጠንቀቅ ይበሉ እንጂ» ብሎ የእንድሪስን መንጃ ፈቃድ ለእኔ ሰጠኝ። ሊብሬ አልጠየቀኝም። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም።

መንገድ ስንጀምር፣ እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። እንድሪስ ዞሮ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይነዳል።

«ቋጠሮው ሊፈታልኝ ነበር እኮ» አለ ቆይቶ።

ከዚያ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «የኔ ልጅ፣ ለካ ያንተ ነው። አላህ ይስጥህ። ልጄን ከደንገል አውጥተህ እንጀራ ሰጠኸው» አሉኝ።

ደነገጥሁ። «ኧረ ጋሽ ሰይድ! እንዲለቀን ብዬ ነው እንጂ የእንድሪስ ነው!»

እንድሪስ ባጃጁን ጥግ አስይዞ አቆመ። ላስቲኩን በጥርሱ በጥሶ ሊብሬውን ለአባቱ ሰጣቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ወደ እኔ ዘረጉት። «አንተ የተማርህ ነህ፣ አንብብልኝ» አሉ። «እንድሪስ ሰይድ» ብዬ አነበብሁ። ጣቴን ከስሙ ሥር እያስኬድሁ ደግሜ አነበብሁላቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ ልጅ ነህ። ሽማግሌ ደስ እንዲለው ብለህ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እንድሪስን «ያንተ ነው?» ብለው ጠይቀውት አያውቁም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ሰይድ በአንድ ክረምት አረፉ። ለቅሶ ስደርስ አንዲት የሰፈሩ ባልቴት እጄን ያዙና «ባለባጃጁ አንተ ነህ? እንደ መረቁህ ነው የሞቱት» አሉኝ። እንድሪስ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰማ፤ ለቀስተኛ ሊቀበል ወደ በሩ ሄደ።

የማክሰኞው ነገር እንቅልፍ ሲነሣኝ አድሮ ረቡዕ ጠዋት ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የእንድሪስ ጋራዥ ሄድሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ይህን ሁሉ ዓመት መፍጀቴ አሳፈረኝ፤ ቢሆንም ጠየቅሁት። በግራሶ የተለወሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«አንተ እኮ ክፉ አላሰብህም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ክፉ አላሰብሁም። ግን «ወረቀቱን እያወጣ ነው፣ ይጠብቁት» ማለት ይበቃ ነበር። ያን ማለት ከትራፊኩ ጋር መጋፈጥ ስለ ነበረ ቀላሉን መረጥሁ፤ ማክሰኞ ዕለትም ዝም ማለቱ ቀለለኝ። የዚያን ትራፊክ መልክ ዛሬ ረስቼዋለሁ። የእሱን ዓይነት ስድብ ጋሽ ሰይድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረዋል፤ እየሰሙም ልጃቸውን አምነው ባጃጁ ላይ ወጥተዋል። ባጃጁ የልጃቸው አለመሆኑን ያሳመናቸው ትራፊኩ አይደለም። እኔ ነኝ።