የፋጡ መወልወያ

ፋጡ ጤነኛ ሳለች የሲሬ ገበያ የሚፈራት ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ቅቤዋን አሽትቶ ሳይገዛ የሚሄድ ካለ ምላሷ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። ባሏ ሁሴኖ አንዴ እጁን ቢያነሳባት፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ደጁን ከበቡ፤ በሬ አርዶ ይቅርታ እስኪጠይቅም አልተነሱለትም። ሲንቄ የአርሲ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሲንቄ የያዘች ሴት ጠብ መሀል ከቆመች ወንድ የተባለ ሁሉ ባለበት ይቆማል። የተሻገረ እርግማኑን ራሱ ይቻለው።

ከዚያ ፋጡ ታመመች። እውነቱን ለመናገር የምር ታመመች፤ እንቅልፍ አጣች፣ ቅቤዋን ለመንገደኛ በነፃ አደለች። ሰዉም ቅቤውን ወስዶ ሲያበቃ ነው «አሟታል» ያለው። ሁሴኖ በገመድ አስሮ አሰላ ዳር ወዳለ አንድ የግል የአእምሮ ሕክምና ቤት አመጣት።

በሩ ላይ ሲንቄዋን «መሣሪያ ነው» ብለው ወሰዱባት። «እርስዎ» መባሏም እዚያው በሩ ላይ ቀረ፤ ከልጇ የምታንሰው ሲስተር አሰፋች «አንቺ፣ ኪኒንሽን ዋጪ» ትላት ጀመር። መድኃኒቱስ ሠራ፤ እንቅልፏም ምላሷም ተመለሱ። ችግሩ የቤቱ ሕግ ነበር፤ ዝም ያለ ተሽሎታል፣ የተናገረ ብሶበታል። ሾርባው ቀዘቀዘ በማለቷ ፋጡን አልጋ ላይ አስረዋት ሽንቷ አምልጧታል። ውርደቱ ከበሽታው ባሰባት። ከዚያ ወዲህ ቶሎ ለመውጣት ብላ ምላሷን ዋጠች።

በምትወጣበት ቀን ጠዋት ወለል እየወለወለች ነበር፤ ታካሚ ወለል ሲወለውል ሕክምና ነው ይባላል፣ የጽዳት ደሞዝም ይተርፋል። ከጮሌ ወረዳ የመጣችው ታካሚ ልጅ ፈናን መርፌው ምን እንደሆነ ካልተነገረኝ አልወጋም አለች። አልጮኸችም፤ ጠየቀች ብቻ።

«ዲሪባ፣ ማሰሪያውን አምጣ» አለች ሲስተር አሰፋች። ዲሪባ በር የሚያህል ትከሻ ያለው ጥበቃ ነው።

«ዝም በይ፣ ሁሴኖ ደጅ እየጠበቀሽ ነው» አለች ፋጡ ለራሷ። እግሯ ግን አልሰማትም። ጨርቁን ከመወልወያው ነቅላ ጣለች፣ እንጨቱን ይዛ በዲሪባና በልጅቷ መሀል ቆመች። ዲሪባ ባለበት ቀጥ አለ።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው ሲስተር።

«ሲንቄ ነዋ።»

«መወልወያ ነው። እሷም እብድ ናት።»

ዲሪባ ውሃ የሚንጠባጠበውን እንጨት አየ፣ ከዚያ እሷን። «አዴ ፋጡ፣ እርስዎ ባለትዳር ነዎት አይደል?»

«የሰባት ልጆች እናት ነኝ። ተሻገርና እንተያያለን።»

ዲሪባ ማሰሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሲስተር፣ እኔ እናት አለችኝ። ከፈለጉ ራስዎ ይሻገሩ።»

ሲስተር አሰፋችም አሰላ ተወልዳ ያደገች ናትና አልተሻገረችም። መርፌው ምን እንደሆነ ለፈናን ተነገራት፤ ከሰማች በኋላ ክንዷን ራሷ ሰጠች። ይኼው ነበር ጣጣው።

የፋጡ መውጫ ግን ተሰረዘ። ሲስተር ደጅ ለሚጠብቀው ሁሴኖ ነገረችው፤ «ብሶባታል። መወልወያ ይዛ ጥበቃው ፊት ቆመች።»

ሁሴኖ ያ በሬ ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ጢሙን ዳበሰ። «ሰውዬው ተሻገረ?»

«አልተሻገረም።»

«እንግዲያው ምኗ ነው የታመመው?» አለና፣ ለማንኛውም ብሎ ይዞት የመጣውን ገመድ ቦይ ውስጥ ወረወረው።